በዋንዛ ሳንቃ ላይ የምትንከባለል ብይ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከጅማ

ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

የማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የኃይልንና የእንቅስቃሴን ትምህርት ጀምረዋል፤ ነገር ግን ፍጥንጥነት የሚባለውን፣ ማለትም ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። ከሰው ቁመት የተለቀቀ ድንጋይ መሬት እስኪደርስ ስድስት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሚፈጅ በእጅ ሰዓት ሊለካ አይችልም። ጋሊሌዮ ይህንኑ ችግር የፈታው ውድቀቱን በማዘግየት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1638 በላይደን ባሳተመው ሥራ እንደ ተረከው፣ አሥራ ሁለት ክንድ ያህል ርዝመት ባለው እንጨት ላይ ቀጥ ያለ ቦይ አስፈልፍሎ፣ ቦዩን በለሰለሰ ብራና አልብሶ፣ የነሐስ ድቡልቡል በተዳፋቱ ላይ ያንከባልል ነበር። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ሥራ በጅማ እንጨትና በጅማ እጅ ማሠራት ነው።

ሂርማታ አካባቢ ወዳለ አንድ አናጢ ቤት ሄጄ ሁለት ሜትር ከአርባ የሆነ የባሕር ዛፍ ሳንቃ ጠየቅሁ። አናጢው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ሥራው ምን እንደ ሆነ ካስረዳኋቸው በኋላ፣ «መምህር፣ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመምብሃል፤ ቀጥ ያለ ነገር ከፈለግህ ዋንዛ ውሰድ» አሉኝ። ምክራቸውን ተቀብዬ አሥር ሳንቲም ስፋት ያላቸውን ሁለት የዋንዛ ሳንቃዎች አስመረጥኩ። ቦይ መፈልፈል ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሁለቱን ሳንቃዎች እንደ ተከፈተ መጽሐፍ በዘጠና ዲግሪ አጋጥመው እንዲቸነክሩልኝ ተስማማን፤ ማዕዘኑንም ከላይ እስከ ታች በስኳድራ እየለኩ አረጋገጡ።

የመቆሚያውን ነገር ያሰቡት እሳቸው ናቸው። አራት እግር በአፈር ወለል ላይ መወላወሉ አይቀርም፤ ሦስት እግር ግን ሦስት ነጥብ ምንጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ አይወላወልም። የጅማ አናጢዎች የሚታወቁበት ባለ ሦስት እግር በርጩማ በየትኛውም ወለል ላይ ጸንቶ የሚቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በላይኛው ጫፍ ሁለት፣ በታችኛው ጫፍ አንድ እግር እንዲሆን ወሰንን፤ ቦዩ ወደ ጎን ቢያዘነብል ከሁለቱ እግሮች በአንዱ ሥር ቀጭን ስንጥር ማስገባት ይበቃል።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ከአንድ ጋራዥ አሮጌ ኩሽኔታ ለምኜ አስፈታሁ፤ በውስጡ ከነበሩት የብረት ብዮች መካከል ዝገት ያልነካትን፣ ወርዷ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነችውን መረጥኩ። ተማሪዎቹ ደግሞ 1.6 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላት የብርጭቆ ብይ አመጡ። የብረቷ 64 ግራም፣ የብርጭቆዋ ከ5 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ ተመዘነ፤ በክብደት አሥራ ሁለት እጥፍ ያህል ይለያያሉ። ሳንቃዎቹ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክለው አልቀዋል።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

የቦዩን የላይኛውን ጫፍ ከታችኛው 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግነው። ርዝመቱ 240 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ቦዩ በእያንዳንዱ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። በውኃ ልክ ወደ ጎን አለማዘንበሉን ካረጋገጥን በኋላ በ0.5፣ በ1፣ በ1.5 እና በ2 ሜትር ላይ ምልክት አደረግን።

የመጀመሪያው ሰዓት በስልክ ላይ ባለው መቁጠሪያ በእጅ እየተጫነ ተለካ፤ ውጤቱም አላረካኝም። ለዚያችው ሁለት ሜትር አንዱ ተማሪ 3.6፣ ሌላው 4.1 ሰከንድ አገኙ። የሰው እጅ ዓይን ያየውን ለመፈጸም ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ አንዱ ደግሞ ብይዋ ከመድረሷ በፊት ገምቶ ይጫናል። ስለዚህ በድምፅ ለመለካት ወሰንን። ብይዋን የሚያግደው ማስመሪያ ሲነሣ ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል፤ በመድረሻው ምልክት ላይ ደግሞ ባዶ ጣሳ ተቀምጦ ብይዋ ስትመታው ይጮኻል። ስልኩ ሁለቱንም ድምፆች ይቀርጻል፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ በስክሪኑ ላይ ከሚታየው የድምፅ ሞገድ ይነበባል። በዚህ ዘዴ ስድስት ጊዜ ደጋግመን ስንለካ በትልቁና በትንሹ ንባብ መካከል የነበረው ልዩነት ከስድስት መቶኛ ሰከንድ አልበለጠም።

አማካዮቹ እነዚህ ናቸው፦ ለ0.5 ሜትር 1.94 ሰከንድ፣ ለ1 ሜትር 2.74፣ ለ1.5 ሜትር 3.35፣ ለ2 ሜትር 3.87። ርቀቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ብቻ ሆነ። እያንዳንዱን ጊዜ በራሱ ስናባዛው 3.76፣ 7.51፣ 11.22 እና 14.98 አገኘን፤ ይህም ከርቀቶቹ ጋር እኩል ይራመዳል። ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ተማሪ ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች «ቲቸር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነው እኮ!» ስትል፣ የጋሊሌዮን ሕግ ማንም ሳይነግራት ከሳንቃ ላይ ስላነበበችው ደስታዬ ታላቅ ነበር።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ማታ ፍጥንጥነቱን አሰላሁ። ርቀቱን በሁለት አባዝተን ለጊዜው ካሬ ስናካፍለው ከአራቱም ርቀቶች 0.267 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያህል ይወጣል። ሰበቃ፣ ማለትም ሁለት ገጾች ሲተሻሹ መንሸራተትን የሚገታው ኃይል፣ በሌለበት ተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ነገር ግን የመሬት ስበት ፍጥንጥነት በተዳፋቱ መጠን ሲባዛ፣ ማለትም 9.78 × 0.05 = 0.489 ሊሆን ይገባው ነበር። (በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው 9.81 ከምድር ወገብ ርቀው ላሉና ለዝቅተኛ ቦታዎች የሚስማማ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ሰባት ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ፣ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ስበቱ በጥቂቱ ይቀንሳል።)

ልዩነቱ ከፊሉ የሚጠበቅ ነው። ብይዋ አትንሸራተትም፤ ትንከባለላለች። ስትወርድ ከምታገኘው ጉልበት ከፊሉ ወደ ፊት ለመሄድ፣ ከፊሉ በራሷ ላይ ለመሽከርከር ይውላል። ውስጧ ድፍን የሆነ ድቡልቡል በጠፍጣፋ ወለል ላይ ሲንከባለል ፍጥንጥነቱ ከሚንሸራተተው አምስት ሰባተኛ ይሆናል፤ ይህም 0.349 ነው። እኛ ያገኘነው ግን ከዚህም ወደ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ጥያቄውን ለተማሪዎቹ ሳቀርብ መልሱ ከየአቅጣጫው አንድ ነበር፦ ሰበቃ። ቃላቱን በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ሲከራከሩ ግን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በሦስቱም ቋንቋዎች የተሰጠው ፍርድ ይኸው ነበር። ይህን መልስ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሒሳቡና ልኬቱ ሳይገጥሙ በቀሩ ቁጥር «የቀረው ሰበቃ ነው» እያልኩ አልፌአለሁ። ዛሬ ግን ሰበቃን ራሱን መዝነን ልናየው ተስማማን።

የተረፈ የዋንዛ ሳንቃ ላይ የዋንዛ ቁራጭ አስቀምጠን አንዱን ጫፍ ቀስ በቀስ አነሣን። ቁራጩ መንሸራተት የጀመረው አንድ ሜትሩ ሳንቃ 37 ሳንቲ ሜትር ሲነሣ ነው። ከፍታውን በወለሉ ላይ ላለው ርቀት ስናካፍለው 0.40 ይሆናል፤ የዋንዛ በዋንዛ ላይ የሰበቃ ምጥጥን ማለት ይህ ነው። በቁራጩ ላይ ግማሽ ጡብ ብንጭንበትም በዚያው ከፍታ ላይ ተንሸራተተ፤ ምክንያቱም ክብደቱ ሲጨምር ወደ ታች የሚጎትተውም፣ የሚይዘው ሰበቃም በእኩል ይጨምራሉ። ከቁራጩ ሥር የቡና ጆንያ ብናለብሰው ግን እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ አልተንቀሳቀሰም። አባቱ በቡና ማከማቻ የጉልበት ሠራተኛ የሆነ ተማሪ፣ ጆንያ ከመኪና ላይ በሳንቃ ሲያወርዱ ሳንቃውን ለምን አቁመው እንደሚያጋድሙት አሁን እንደ ገባው ተናገረ።

ከዚያ ሳንቃውን ሻማ ቀባነው። ምጥጥኑ ከ0.40 ወደ 0.27 ወረደ። ቦዩንም በዚያው ሻማ ከላይ እስከ ታች ቀብተን የብረቷን ብይ ለሁለት ሜትር ለቀቅናት፦ 3.86 ሰከንድ። ሰበቃው በሲሶ ሲቀንስ ጊዜው ከአንድ መቶኛ ሰከንድ በላይ አልተለወጠም። የብርጭቆዋን ብይ ብንለቃትም 3.88 አገኘን። አሥራ ሁለት እጥፍ የምትቀለውም፣ ትንሿም፣ እኩል ደረሰች።

ክፍሉ ዝም አለ። ተጠያቂው ሰበቃ ቢሆን ኖሮ ሻማው አንድ ነገር ሊለውጥ ይገባው ነበር።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

መልሱ የተገኘው በመቁጠር ነው። ያቺው የፊት ወንበር ተማሪ በብረቷ ብይ ወገብ ላይ በማይለቅ ቀለም ነጥብ አድርጋ፣ በጣቷ ቀስ እያለች በቦዩ ውስጥ አንድ ሜትር አንከባለለቻት፤ ነጥቡ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሌላዋ ትቆጥራለች። ወርዷ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነች ብይ ዙሪያዋ 7.85 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በአንድ ሜትር ውስጥ ከ13 ዙር በታች ልትዞር ይገባታል። ሁለቱ ልጆች 18 ቆጠሩ። ስህተት መስሏቸው ደግመው ቆጠሩ፤ አሁንም 18 ሆነ። በጠረጴዛ ላይ ሲያንከባልሏት ግን 13 ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

ጎንበስ ብዬ ብይዋ በቦዩ ውስጥ የምታርፍበትን ቦታ ከጫፍ በኩል አየሁት። የቦዩን ሥር አትነካም፤ ሁለቱን ግድግዳዎች በሁለት ጎኖቿ ትነካለች፣ ከሥሯ ብርሃን ያልፋል። ስለዚህ የምትንከባለለው በሙሉ ወገቧ ዙሪያ ሳይሆን፣ ከወገቧ ራቅ ብለው በሁለቱ ጎኖቿ ላይ ባሉት ጠበብ ባሉ ክቦች ላይ ነው። ጎማው ትንሽ የሆነ ጋሪ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ እንደሚሽከረከር ሁሉ፣ እሷም ለዚያችው አንድ ሜትር አብልጣ ትዞራለች። ግድግዳዎቹ የተጋጠሙት በዘጠና ዲግሪ በመሆኑ የእነዚህ ክቦች ራዲየስ የብይዋ ራዲየስ ለሁለት ካሬ ዘር ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም 1.25 ÷ 1.414 = 0.884 ሳንቲ ሜትር ነው። የክቡ ዙሪያ 5.55 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን አንድ ሜትር 18 ዙር ይይዛል። ልጆቹ በጣታቸው የቆጠሩት ይህንን ነው።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ራሱ መንገዱን አሳየ። የመሽከርከር ጉልበት የሚያድገው በዙሩ ፍጥነት ካሬ ነው። በጠፍጣፋ ወለል ላይ ብይዋ ወደ ፊት ለመሄድ አንድ እጅ ጉልበት ስትጠቀም ለመሽከርከር 0.4 እጅ ትጠቀማለች፤ ፍጥንጥነቱ ለ1.4 የሚካፈለው፣ አምስት ሰባተኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በቦዩ ውስጥ ግን ለዚያው የፊት ፍጥነት ዙሯ በሁለት ካሬ ዘር ስለሚበዛ የመሽከርከሯ ድርሻ እጥፍ፣ ማለትም 0.8 ይሆናል። 0.489 ለ1.8 ሲካፈል 0.272 ነው፤ እኛ የለካነው 0.267። የቀረው ልዩነት ከመቶ ሁለት አይሞላም፤ እንጨቱ ከብይዋ ሥር በጥቂቱ ስለሚሰረጉድና አየሩም ስለሚገታት ይህን ያህል መጉደሉ ተገቢ ነው።

ሻማው ለምን ምንም እንዳልለወጠም አሁን ግልጽ ሆነ። ብይዋን የሚያሽከረክራት ሰበቃ ነው፤ እሱ ባይኖር ሳትዞር ተንሸራትታ ትወርድ ነበር። ነገር ግን የሚነካካው ነጥብ በዚያች ቅጽበት ስለማይንሸራተት ይህ ሰበቃ ጉልበት አያባክንም፤ ከወደ ፊት ጉዞው ወስዶ ለመሽከርከር ያዛውራል እንጂ። ለዚህ የሚያስፈልገውም ሻማ የተቀባው ሳንቃ እንኳ ሊሰጥ ከሚችለው ከአንድ አሥረኛ በታች ስለሆነ፣ ሰበቃው በሲሶ ቢቀንስ ለብይዋ የሚጎድልባት ነገር የለም። የብይዋ ትልቅነትም ሆነ ክብደት ያልለየው፣ የጠባቡ ክብ ራዲየስ ከብይዋ ራዲየስ ጋር ያለው ምጥጥን በዚያ ቦይ ውስጥ ለማንኛዋም ብይ አንድ ስለሆነ ነው።

አንድ ተማሪ፣ ጋሊሌዮ ይህን ካላወቀ ሕጉ እንዴት ትክክል ሊሆን ቻለ ብሎ ጠየቀ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኒውተን የእንቅስቃሴን ሕጎች ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው፤ ስለ ድፍን አካላት መሽከርከር የተሟላውን ሒሳብ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ያቀረበው ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጋሊሌዮ ግን ያወዳደረው ርቀትን ከርቀት፣ ጊዜን ከጊዜ ጋር ነበር። ማካፈያው 1፣ 1.4 ወይም 1.8 ቢሆን አራት እጥፍ ርቀት ምንጊዜም እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ የመሽከርከሩ ድርሻ ከምጥጥኑ ውስጥ ራሱን ያጣፋል።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ማብራሪያው እውነት ከሆነ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ብይዋ መፍጠን አለባት። አናጢው አንዱን ሳንቃ ነቅለው፣ በሌላው ግራና ቀኝ ቀጫጭን ሊስቴሎ መቱበት። ሥራው ከታሰበው በላይ አስቸገረ፤ ሳንቃው በጥቂቱ እንኳ ወደ ጎን ካዘነበለ ብይዋ ሊስቴሎውን እየታከከች ትወርዳለች፣ እንዲህ ያለውን ሩጫ ሁሉ ሰርዘናል። ከላይኛው እግር ሥር ያለውን ስንጥር እያወጣንና እያስገባን አንድ ሰዓት ያህል ፈጀን። ሳትታከክ ከወረደችባቸው አምስት ሩጫዎች የተገኘው አማካይ ለሁለት ሜትር 3.41 ሰከንድ ነው፤ በሒሳብ የተጠበቀው 3.38 ነበር።

በዚያው ቀን የ9.78ን ነገር ለማየት አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቅለን መቶ ዙር ቆጠርን፤ 201.0 ሰከንድ ወሰደ፣ ከዚህም 9.77 ይወጣል። ይሁን እንጂ የክሩ ርዝመት በሦስት ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ውጤቱ በ0.03 ያህል ስለሚለወጥ፣ በዚህ ልኬት ጅማን ከሌላ ቦታ መለየት እንደማይቻል ለተማሪዎቹ በግልጽ ነግሬአቸዋለሁ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ጋሊሌዮ ሰዓት የለካው ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቀዳዳ የሚፈስ ውኃ አጠራቅሞ በመመዘን ነው። እኛም ሃያ ሊትር ጀሪካን ከታች በስተን የእስክሪብቶ ቀፎ ሰካንበት፤ ብይዋ ስትለቀቅ ጣት ከቀፎው ይነሣል፣ ጣሳው ሲጮኽ ይደፈናል። ውኃውን በቅመም ነጋዴ ሚዛን መዘንነው። በጠፍጣፋው ሳንቃ ላይ ለግማሽ ሜትር 25 ግራም፣ ለሁለት ሜትር 48 ግራም ሆነ። ያለ ምንም ሰዓት አራት እጥፍ ርቀት እጥፍ ያህል ውኃ መጠየቁን አየን።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ፈተና ልኬቱን ከመውሰድ በፊት ውጤቱን መናገር ነው። አናጢው ሁለቱን ሳንቃዎች አሁን በስድሳ ዲግሪ እንዲያጋጥሟቸው ጠየቅኋቸው። ስኳድራቸው ስድሳን አያሳይምና፣ ከካርቶን ሦስቱም ጎኖቹ ሃያ ሃያ ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ማዕዘን ቆርጠን ሰጠናቸው፤ የሳንቃዎቹን ጠርዝ በመላጊያ እያሰለሉ በካርቶኑ ልክ አጋጠሟቸው። እንዲህ ባለ ጠባብ ቦይ ውስጥ ብይዋ የምትንከባለልበት ክብ ራዲየስ የራሷ ራዲየስ ግማሽ ነው። በአንድ ሜትር ውስጥ ሃያ አምስት ዙር ተኩል ልትዞር፣ ማካፈያውም 2.6 ሊሆን ይገባል። ተማሪዋ በክፍል ጓደኞቿ ፊት አስልታ «4.61» ብላ በእርሳስ ከሳንቃው ጎን ጻፈችው፤ አናጢውም መላጊያቸውን አስቀምጠው ለማየት ቀረቡ።

ስድስት ጊዜ ለቀቅናት። አማካዩ 4.66 ሰከንድ ሆነ። «ጠበብ ስላደረግሁት ነው እንግዲህ የዘገየችው» አሉ አናጢው፤ ተማሪዋም ከእሳቸው እርሳስ ተቀብላ 4.66ን ከ4.61 ሥር ጻፈች።